ይድረስ ለክብርት ስድስት ደቂቃ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ካንቺ ሒሳብ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እዚህ ሜሪላንድ ስኖር ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር ነበር የሚመስለኝ፣ ሰርጋችን ደርሶ እጮኛዬ "ፕሪናፕ (ከጋብቻ በፊት የሚፈረም የንብረት ውል) እንፈርም" እስክትል ድረስ። ክፋት የለውም አልኩ፣ እሷ ኮንዶ አላት፣ እኔም ካምሪ አለችኝ (ግማሿ የባንክ ናት)። ጠበቃው በሰዓት 400 ዶላር ነው ሲለኝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ልናወራ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ለካ ሰዓት ብሎ ነገር የለም፣ ያለሽው አንቺ ነሽ! ሰዓቱን አስር ቦታ ከትፈው እያንዳንዷን 0.1 ይሏታል፣ ሁለት ደቂቃም አወራህ ስድስት ያው 40 ዶላር ነው። እኔ ታክሲ ይዤ ስድስት ደቂቃ ቆሜ ስጠብቅ የማገኘውን ብትሰሚ ታለቅሻለሽ።

እስቲ ፍረጂ፣ ሐበሻ ባንቺ ውስጥ ምን አውርቶ ይጨርሳል? ደህና ነህ፣ ልጆች ደህና፣ እናትህስ፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል ስል አንቺ አልቀሽ እህትሽ ገብታለች። ጠበቃውም የዛን ቀን የእናቱን የጉልበት ኦፕሬሽን ከሀ እስከ ፐ ነገረኝ፣ ቢሉ ላይ ግን "ከደንበኛ ጋር የስልክ ውይይት፣ 0.3" ይላል። እግዜር ይማራቸው፣ ግን በኔ ሒሳብ?

ያቃጠለኝ ደግሞ ዕቁቡ ነው። ያለህን ንብረትና ዕዳ አንድ ሳታስቀር ዘርዝር፣ የደበቅከው ካለ ኋላ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል ስባል ዕቁብ አለኝ አልኩ፣ ምነው አፌን በቆረጠው። ሀብት ነው ዕዳ? እጣው ካልወጣልኝ ሀብት፣ ከወጣልኝ ዕዳ። ውሉ የታለ? በቃል ነው። ገንዘቡ የት ባንክ ነው? ሰብሳቢው ጋ። አንቺ ከነቤተሰብሽ ተሰልፈሽ ስታልፊ ይታየኛል። ዕቁብን የተማረው እሱ፣ የትምህርት ቤት የከፈልኩት እኔ።

አንድ ጠበቃ ለሁለታችሁም አይቆምም ስለተባለ እሷም የራሷን ይዛለች፣ እና ሁለቱ ተደዋውለው ሲሳሳቁ በሁለቱም ወገን ትቆጠሪያለሽ። አገር ቤት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከሱ ወገን 2፣ ከሷ ወገን 2 ምስክር ይፈርሙበት ነው የሚለው፣ አራቱም ዶሮ በልተው መርቀው ይሄዳሉ እንጂ ለምርቃቱ ቢል አይልኩም።

ጠበቃ አይብላ አላልኩም፣ ውሉም ነገ ከመካሰስ ያድነን ይሆናል። ግን እንደ ሰው ቁርጥ ዋጋ የሚናገሩ ጠበቆች እኮ አሉ፣ ምናለ አንቺም ለነሱ ብትለቂልን? ካልሆነም ቢያንስ ሰላምታውን ከሒሳቡ አውጪልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእጮኛዬ
ለዕቁብ ሰብሳቢው
ለጠበቃዬ አይላክም፣ ካነበበው ያስከፍለኛል