በአየሩ አታሳብቡ

የወሎ ወገኖቻችን፣ አየሩን ተዉት። ባቲ ላይ ልጅ ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ «የቆላ ነገር» ትላላችሁ። ደላንታና ዋድላ ላይ የአራት ዓመቱ ልጅ የሁለት ዓመት ሲመስል «ውርጩ ነው፣ ደጋ አያሳድግም» ትላላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከእሷ ብዙ ዝቅ አትልም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 15 በመቶ ነበሩ። ብርዱ አንድ፣ ልጆቹ ግን ሁለት ዓይነት። ባቄላውና ምስሩ የሚበቅለው ደግሞ እኛ ዘንድ ነው!

ልጅ የሚቀነጭረው በአብዛኛው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ልደቱ ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይብቃው፤ ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አይጨመርበት። ከ6 ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከማንኪያ የሚፈስ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ከሦስት እጅ እህል ጋር አንድ እጅ ጥራጥሬ ቀላቅሉና አስፈጩ፤ ገንፎው ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይወርድ ይሁን፤ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ አድርጉበት። እንቁላሉ ግን ገበያ ይወርድና በምትኩ ቡና ይመጣል። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ወሎን ቡና ከልክሎ ማን ይኖራል! ከሳምንቱ እንቁላል ሦስቱን ብቻ ለልጁ አስቀሩለት። በጾም ወራት ደግሞ የጾሙን ዕቃ ፍስክ እንዳይነካው ተብሎ ሕፃኑ ሁለት ወር ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ይከርማል። ሕፃን ጾም የለበትም፤ ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስት ለይታችሁ አስቀምጡ።

የበላውን ተቅማጥ ካወጣው ግን ገንፎውም ከንቱ ነው። በአንድ ተራራ ወገብ፣ በአንድ ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች ተቅማጣቸው የሚለያየው በምንጫቸው ነው። ያልታጠረ ምንጭ ከብትም ይጠጣዋል፣ ልብስም ይታጠብበታል፣ የክረምት ጎርፍም የሜዳውን ዓይነ ምድር አጥቦ ይከትበታል። ምንጩን ክደኑ፣ ውሃውን በቧንቧ አውጡት፣ ከበላዩ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ቆፍሩ፣ ዙሪያውን እጠሩ። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩ በላይ ሳይሆን በታች ይሁን። ሊሞላ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ድፈኑትና ሌላ ቆፍሩ። ለጉብኝት ቀን ተቆፍሮ ማሽላ አገዳ የሚቀመጥበት መጸዳጃ ስንት እንዳለ እናንተም እኛም እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ከሌለው አይሻልም፣ ሪፖርቱ ላይ ስለሚቆጠር የጎደለውን ይሸፍናልና።

የሚጠጣው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ውሃ አጋር ከተባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን አንድ ክዳን በ20 ሊትር ጀሪካን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ደፍርሶ ከሆነ በጨርቅ አጥልላችሁ ሁለት ክዳን ጨምሩ። ልጅ ካስቀመጠው አንዱን የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ግማሹን በስኒ የሚበጠብጥ ቤት አለ፤ ያን ጊዜ ጨውና ስኳሩ ከልክ አልፎ ሕፃኑን ይጎዳዋል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይደር። የዚንክ ክኒኑ ተቅማጡ ቢቆምም ጤና ባለሙያው ያዘዘው ቀን እስኪሞላ ይሰጥ፤ የሚቀጥለውን ተቅማጥ የሚያቀለው እሱ ነው።

ስለ ውሃ ከተነሣ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የእጅ ፓምፕ ተተክሎ፣ ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይቆማል፤ ሲፈታ የተበላው አንዲት ጎማ ናት። ለዚያች ጎማ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ስላልተዋጣ መንደሩ ወደ ወንዝ ይመለሳል። በሐይቅ ዳርና በቦርከና ሸለቆ ወንዝ መመለስ ማለት ደግሞ ብልሃርዝያ ማለት ነው። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ እንቁላሉ ወደ ውሃው የሚመለሰው በሜዳ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። መድኃኒቱ ቢዋጥም ወንዙ ያው ከሆነ በሽታው ይመለሳል።

ወባን በተመለከተ የቆላው ሰው መስከረም ሲጠባ ይዘጋጃል፤ መልካም ነው። ባቲ ላይ ግን ስቴፈንሲ የተባለችው አዲስ ትንኝ ተገኝታለች፤ እሷ የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም። በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ገንዳ ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ ስለዚህ ሳይከደን የሚያድር የውሃ ዕቃ አይኑር። አጎበሩን ለጤፍ መሸፈኛ አታድርጉት፤ ሲታጠብም በለዘብተኛ ሳሙና ይሁንና ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ይገድለዋል። ትኩሳት በያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። ኮአርተም የተባለው የወባ ክኒን የሚዋጠው 3 ቀን፣ በቀን ሁለቴ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው፤ በሁለተኛው ቀን ስለተሻለ የተረፈውን ለጎረቤት ልጅ ማስቀመጥ ሁለቱንም ልጆች ሳያድን ይቀራል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ደገኛ ትኩሳት ከያዘው፣ ከየት እንደመጣ ለሐኪሙ ይንገር። ደጋ ላይ ወባም፣ በቆላ አሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ቶሎ አይጠረጠሩም።

ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ እዩ፤ በጆንያ የሚመጣው ርካሹ ብዙ ጊዜ የለውም። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያወጣል፤ ከሚታየው እንቅርት ይልቅ ግን የማይታየው ጉዳት ይከፋል፤ እርጉዝ አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ጨውን ማጠብ አዮዲኑን ማፍሰስ ነው። በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ላይ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ሁሉም ጥፋት የእናንተ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈዋል፤ ከገደል ማዶ ያለ ቀበሌም ሐኪም ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ሰዓት የሰነፍ ሰው ዕዳ አይደለም። መንገድና መድኃኒት ከወረዳው ጠይቁ፣ የበጀቱ ስብሰባ ሲጠራ ቀርባችሁ ጠይቁ። የጤና መድኑን ግን ስትታመሙ ሳይሆን እህል በጎተራ ሳለ አድሱ፤ መክፈል ያቃተው ካለ ቀበሌው በነፃ ተጠቃሚነት እንዲመዘግበው አሳስቡ።

ቅሬ አላችሁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ ድንኳንና ድስት ያለው፣ ሰው በአንድ ጥሪ የሚያሰባስብ ቅሬ። ሬሳ ለመሸከም የሚወጣው ሰው፣ ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ለመሸከምም ይመደብ፤ ስምንት ጎልማሳ በተራ ይያዝ፣ ቃሬዛው በታወቀ ቤት ይቀመጥ፣ መንገዱ በሰኔ ይጠረግ። እርጉዟ ደም ከፈሰሳት፣ ዓይኗ ከተጋረደ፣ ራሷን ክፉኛ ካመማት ምጥ ሳይጠበቅ ትሂድ። ቤቷ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቀኗ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያው ካለው የእናቶች ማቆያ ትግባ። አብዛኛዋ እናት የምትቀረው ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ያበላልኛል ብላ ነው፤ እሱንም ቅሬው አስቀድሞ በስም ይመድብ።