ሃሽታግ ሲበዛ ተመልካች ይበዛል?

«ሃሽታግ በደረደርክ ቁጥር ብዙ ሰው ያይልሃል» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። ወሬው የተለመደ ነው፤ እኔም አምኜው 30 ስደረድር ኖሬያለሁ። ግን ኢንስታግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለኮንቴንት ክሪኤተሮች የመከረው ከ3 እስከ 5 እንዲጠቀሙ ነበር።

ሃሽታግ ፖስቱ ስለ ምን እንደሆነ መጠቆሚያ ነው። የጫማ ፎቶ ላይ #ፍቅር፣ #ተፈጥሮ፣ #ሙዚቃ ብትለጥፍ ጥቆማው ይምታታል እንጂ ገዢ አያመጣም። #ጫማ ብቻውንም በጣም ሰፊ ነው፤ ፖስትህ እዚያ መሃል ይዋጣል። #የሩጫ_ጫማ ብትል ግን የሚፈልገው ሰው የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ደግሞ የታች ሰረዟን አደራ! በቃላቱ መሃል ክፍት ቦታ ከተውክ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጥና #የሩጫ ብቻ ይቀርልሃል።