ከጎረቤት መበደር ይቅደም

«መጀመሪያ ቋንቋችንን ይልመዱ፤ ጉርብትናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።» ሌላ ቋንቋ የሚናገር ቤተሰብ ወደ አንድ ሰፈር በገባ ቁጥር እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚሉት ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ማንንም የማይነኩ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አባባሉም ሲሰሙት ያሳምናል። ሳይግባቡ መወዳጀት እንዴት ይሆናል? እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል እላለሁ። ሰው ቋንቋ የሚለምደው የሚያናግረው ሰው ሲያገኝ ነው። የሚያናግረው ካጣ በትምህርት ክፍል የሸመደደው ሁሉ አፉ ላይ ሳይደርስ ይረሳል። ጉርብትናን ቋንቋ ለቻለ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ካደረግነው ቋንቋውም ጉርብትናውም ይቀራሉ።

እስቲ የሰዓቱን ስሌት እንመልከት። አሜሪካ ዲፕሎማቶቿን የምታሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው አረብኛን፣ ቻይንኛን፣ ጃፓንኛን ወይም ኮሪያኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመልመድ 2,200 ያህል የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። ይህ ሌላ ሥራ ለሌለው፣ መምህርና መጽሐፍ ለተሟላለት ተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ደክሞ ወደ ክፍል ለሚገባ የቤተሰብ ኃላፊ የዓመታት ጉዳይ ይሆናል። በሌላ በኩል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት ለመድረስ 50 ያህል ሰዓት፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ልብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ አስልተዋል። ሆል ያጠኗቸው ሰዎች በቋንቋ የሚግባቡ ስለነበሩ ቁጥሩ ለእኛ ጉዳይ እንዳለ አይወሰድም። እጥፍ፣ ካስፈለገም ሦስት እጥፍ እናድርገው። እንደዚያም ሆኖ ወዳጅነቱ ቋንቋውን ቀድሞት ይደርሳል።

ታዲያ ለምን አይጀመርም? ሰዎች ስለሚጠላሉ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ኒኮል ሼልተንና ጄኒፈር ሪችሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሥራ ይህን በደንብ ያስረዳል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ስለ እርስ በርስ ግንኙነታቸው ጠየቋቸው። ከሁለቱም ወገን ያሉት ከሌላው ጋር ይበልጥ መቀራረብ እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ሌላው ወገን ግን ይህን ያህል ፍላጎት እንደሌለው አመኑ። እያንዳንዱ ራሱ ያልቀረበው እንዳያሳፍሩት ፈርቶ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላው ያልቀረበው ግን ስለማይፈልግ ይመስለዋል። ይህን ወደ አንድ ሕንፃ ደረጃ አምጡት። ሁለት ሰዎች ቁልፋቸውን እየፈለጉ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ ሁለቱም ሰላም ማለት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። ከበሩ ጀርባ ሁለቱም «ኩሩ ነው» ብለው ይደመድማሉ። በዚህ መንገድ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አንዳቸውም አልዋሹም፣ አንዳቸውም አልበደሉም።

አንድ ሕንፃ ውስጥ መኖር በራሱ ያወዳጃል የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ቤተሰቦች መኖሪያ ውስጥ በር ለበር ከሚጎራበቱት 41 በመቶው ወዳጅ ብለው እርስ በርስ ሲጠቁሙ፣ በመካከላቸው አንድ ቤት ካለ 22 በመቶ፣ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሆኑ ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ጭምር ይወዳጁ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ቤተሰቦች በዕድሜም፣ በኑሮም፣ በቋንቋም አንድ ዓይነት ነበሩ። ልዩነት ሲገባበት ቅርበት ብቻውን አይበቃም። ሮበርት ፑትናም የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ወደ 30,000 ከሚጠጉ አሜሪካውያን ያገኙት መልስ፣ ልዩ ልዩ ወገኖች በተቀላቀሉባቸው ሰፈሮች ሰዎች እርስ በርስ ያላቸው መተማመን ዝቅ ማለቱን፣ ይባስ ብሎም የራሳቸውን ወገን እንኳ ይበልጥ መጠራጠራቸውን የሚያሳይ ነበር። ይህ ግኝት መቀላቀልን ለሚቃወሙ ሁሉ መከራከሪያ ሆኗል። እነርሱ የማያነሱት ግን ከዓመት በኋላ ዲትሊንድ ስቶሌና ባልደረቦቿ በካናዳና በአሜሪካ ያዩትን ነው፦ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አዘውትረው የሚነጋገሩ ሰዎች ላይ ይህ የመተማመን መውረድ በእጅጉ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ክርክሩ ስለ መቀላቀል ሳይሆን ስለ መነጋገር መሆን ነበረበት።

እንዴት እንነጋገር ለሚለው ደግሞ ብዙዎች የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መርዳት። አዲስ መጪውን ልብስ እንሰጠዋለን፣ መንገድ እናሳየዋለን፣ ቅጽ እንሞላለታለን። ይህ ደግነት ነው፤ አይቅር። ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 የተለያዩ ወገኖች ሲገናኙ መጠላላቱ የሚቀንሰው መቼ እንደሆነ ሲያስረዱ ግን ከዘረዘሯቸው ሁኔታዎች ፊተኛው እኩልነት ነበር፤ ማለትም በግንኙነቱ ውስጥ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያላለበት አቋም። ሁልጊዜ የሚሰጥና ሁልጊዜ የሚቀበል ሰው እኩል አይደሉም። የሚቀበለው ያመሰግናል፣ ያከብራል፣ ይሸማቀቃል፤ ውሎ አድሮም መንገድ ቀይሮ መሄድ ይጀምራል። ውለታ መመለሻ ያጣ ሰው ባለውለታውን ሲያይ ይከብደዋልና። ስለዚህ ለነባሩ ነዋሪ ያለኝ ምክር ከተለመደው የተለየ ነው፦ ከአዲሱ ጎረቤትዎ አንድ ነገር ይበደሩ፤ እንዲረዳዎት ይጠይቁት።

የምናገረው ካየሁት ነው። ከጎኔ ባለው ቤት የሚኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ከእኔ ጋር አንድም ቃል የማንጋራ ሰው ነበሩ። የኮርኒስ አምፖሌ ተቃጥሎ መሰላል ስፈልግ በራቸውን አንኳኳሁ። መዳፌን ዘርግቼ በሁለት ጣቶቼ ሽቅብ መውጣትን አሳየኋቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው አዩኝ፤ ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። መሰላሉን ሰጥተውኝ ይመለሳሉ ስል ተከትለውኝ መጡ። እግሩን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ፤ ወለሉ ስለሚያንሸራትት የጫማቸውን ጫፍ አስደገፉለት፤ ስወጣም ስወርድም ዓይናቸው ከእግሬ አልተነቀለም። አምፖሉ ሲበራ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉ የነበሩ ሰው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ መሥሪያ ቤት የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ወረቀቱ ከብዙ መታጠፍ የተነሳ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሶ ነበር፤ ብዙ ቀን ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት እንደዞሩ ያስታውቃል። ቀጠሮ መሆኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ቀኑ ገና አላለፈም ነበር። መሰላሉን ባልበደር ኖሮ ያ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

ይህ የእኔና የእሳቸው አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ጄከርና ላንዲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ባደረጉት ሙከራ፣ በጥናቱ ገንዘብ ያገኙ ሰዎችን አጥኚው ራሱ «ከኪሴ ነው ያወጣሁት፤ እባካችሁ መልሱልኝ» ብሎ ለመናቸው። በኋላ ሲጠየቁ፣ ይህን ውለታ የዋሉለት ሰዎች ምንም ካልተጠየቁት ይልቅ ወደውት ተገኙ። ሰው የረዳውን ብቻ ሳይሆን ራሱ የረዳውንም ሰው ይወዳል።

የቋንቋው ፍርሃት ከሚገባው በላይ ገዝፏል። ማርክ ዲንገማንሰና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 12 ቋንቋዎችን መርምረው፣ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲያወሩ እንኳ በአማካይ በየ1.4 ደቂቃው አንዱ ሌላውን «ምን አልክ?» እያለ እንደሚያስደግም አረጋግጠዋል። አለመሰማማትና ማስደገም የንግግር የዘወትር ጠባይ ነው። ከውጭ ቋንቋ ተናጋሪ ጋር ሲሆን ብቻ ለምን እናፍራለን? ይልቅ በዝግታ መናገር፣ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ ነገሩን በእጅ ማሳየት፣ ድምፅን ግን ከፍ አለማድረግ ብዙ ይረዳል። የጎረቤትን ስም ባለቤቱ እንደሚጠራው እስኪወጣ ድረስ መለማመድም አለ። ቀለል ባለ ስም እንጥራህ ማለት አሳጥሮ መግፋት ነው።

የስልክ መተርጎሚያ ለመድኃኒት ትእዛዝና ለመሥሪያ ቤት ወረቀት ይጠቅማል። ለወግ ግን ብዙ አልወደውም፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱም ስልኩን ያያሉ። ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ቋንቋውን ቶሎ የሚለምደው ልጅ ነውና የወላጁን የቤት ኪራይ ውዝፍ፣ የእናቱን ሕመም፣ የጎረቤትን ቅሬታ ሁሉ እንዲያመላልስ ይፈረድበታል። ለዕድሜው የማይገባውን ይሰማል፤ ወላጁም በልጁ ፊት ያንሳል። ጨዋታ ከሆነ ልጁ ይተርጉም፤ ገንዘብ፣ ሕመምና ጠብ ከሆነ ግን አዋቂ አስተርጓሚ ይፈለግ።

ወደ ጠቡ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጉርብትና የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ከባህል የሚመጣው ልዩነት በአብዛኛው ትንንሽ ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት ድረስ እንግዳ ይቆያል፣ ጫማ የት ይወልቃል፣ የሌላውን ልጅ መቆጣት ይፈቀዳል ወይ፣ ሲያወሩ ምን ያህል ይቀራረባሉ። የመጨረሻውን ሶሮኮፍስካ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ42 አገሮች ለክታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ አርጀንቲናውያን ከማያውቁት ሰው ጋር ሲነጋገሩ የሚመርጡት ርቀት ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን፣ የሩማንያውያን ከ130 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያው ወደፊት ሲራመድ ሁለተኛው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ አንዱ «ይጫነኛል»፣ ሌላው «ይጸየፈኛል» ብሎ ይለያያል። ሁለቱም የለመዱትን ነው ያደረጉት።

እንዲህ ያለው ቅሬታ ተጠራቅሞ ሲፈነዳ ጉዳቱ ከባድ ነው። ፊዮና ባርሎና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት፣ አንድ መጥፎ ገጠመኝ ጥላቻን የሚያባብስበት ኃይል አንድ ጥሩ ገጠመኝ ከሚቀንስበት ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታ አነጋገር ወሳኝ ነው። በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ ለአከራይ የሚደረግ ስልክ፣ ግድግዳ መደብደብ፤ ሦስቱንም እቃወማለሁ። ጎረቤቱ ማንበብ የማይችለው ወረቀት በማያውቀው ሰው እጅ ሲለጠፍበት ሕንፃው ሁሉ ያደመበት ይመስለዋል። ራስን አሳይቶ፣ በቀን፣ ንዴት ከበረደ በኋላ፣ ሰዓትን በጣት እየጠቆሙ «በዚህ ጊዜ እተኛለሁ» ማለት ለማንም ይገባል። ቀድሞ መሰላል የተበደረ ሰው ደግሞ ይህን ሲናገር እንደ ከሳሽ አይታይም።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባላችን ለጌጥ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የጃፓኗን ኮቤ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ከፍርስራሽ ውስጥ በሕይወት የወጡትን አብዛኞቹን ያወጧቸው የነፍስ አድን ሠራተኞች ሳይሆኑ የቤተሰብ አባላትና ጎረቤቶች ነበሩ። የትኛው ክፍል ውስጥ ማን እንደሚተኛ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ቤቶችን የሚያስተዳድሩ አካላትና የነዋሪዎች ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። የፖስታ ሳጥኖች አንድ ቦታ ይሁኑ፤ መግቢያው አጠገብ መቀመጫ ይኑር፤ ማስታወቂያ ነዋሪዎቹ በሚያነቧቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይለጠፍ። ከሁሉ በላይ ግን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚወጣው ሰው ሥራ ይሰጠው። ቋንቋው ገና ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የደረጃውን አምፖል ለመለወጥ፣ የውኃ ቆጣሪ ለማንበብ ወይም የጋራውን መጋዘን ቁልፍ ለመያዝ ሰዋስው አያስፈልግም። ቁልፍ ያዥ ከሆነ ፈላጊ አያጣም፤ ነዋሪው ሁሉ በሩን የሚያንኳኳበት ጉዳይ ያገኛል፤ እርሱም የጎደሉትን ቃላት አንድ በአንድ ከእነርሱ አፍ ይለቅማል።