ማስተካከያ፦ በነፃ የተለቀቀ ሰው እንደገና ሊከሰስ ይችላል?

ጅማ ላሉ አንባቢዎች ስለ ወንጀል ክስ ባቀረብነው ጽሑፍ “አንድ ጊዜ በነፃ የተለቀቀ ሰው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል” የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እንዲህ በደፈናው ሲባል ግን ሰውን ያሳስታል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 የሚከለክለው የመጨረሻ ፍርድ ባገኘ ወንጀል ዳግም መክሰስንና መቅጣትን ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ተከሳሹን በነፃ ቢያሰናብት ዐቃቤ ሕግ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኝ አዲስ ክስ አይደለም፤ ያው ክርክር ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ “ነፃ ወጥቻለሁ” ብሎ የይግባኝ መጥሪያን ችላ ማለት ትልቅ አደጋ አለው። እባካችሁ መጥሪያ ከደረሳችሁ ቅረቡ!

ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ በዚያው ወንጀል አዲስ ክስ ከመጣስ? ያኔ መብታችሁ ሙሉ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 130 ይህን እንደ መቃወሚያ ለማንሳት ይፈቅዳል። ክሱ እንደተነበበ፣ የእምነት ክህደት ቃል ከመስጠታችሁ በፊት አንሱት። የቀድሞውን ፍርድ ግልባጭም ያዙ። ያለ እሱ ማስረዳት ይከብዳል።

ካሳ ሌላ ነገር ነው። በወንጀል ነፃ የተባለ ሰው በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 እንደሚለው ካሳውን የሚያየው ዳኛ በወንጀል ችሎቱ የነፃ ውሳኔ አይታሰርም።