ረሃብን በሹካ የሚዋጉ ጀግኖች

ሰው ሐሜት ይወዳል። «የእርዳታ ድርጅት ሰራተኞች ስለ ረሃብ የሚያወሩት ሆቴል ቁጭ ብለው ነው» ይላል። የት ቁጭ ይበሉ ታዲያ? ረሃብ እንደሆነ ወንበር የለው!

ባሕር ዳር ለዚህ ትግል የተፈጠረች ከተማ ናት። ጣና አለ፣ ዘንባባ አለ፣ አዳራሽ ያለው ሆቴል ሞልቷል። ሰቆጣ ግን ሩቅ ናት፤ መንገዱም ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ ጀግኖቻችን ዘዴ ዘየዱ። የሰቆጣን ረሃብ ፍለጋ ከሚንከራተቱ ራሱን ረሃቡን በፍላሽ ዲስክ ወደ ባሕር ዳር ያመጡታል። ፓወርፖይንት ላይ ሲታይ ደግሞ አቧራ የለውም።

ትግሉ በጠዋት ይጀምራል። ነጫጭ ላንድክሩዘሮች በር ላይ ይደረደራሉ። ፊርማ፣ ባጅ፣ ቦርሳ። ከዚያ «ሁሉም ፕሮቶኮል እንደተጠበቀ ሆኖ» ይባልና ንግግሩ ይቀጥላል። በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይነሳል፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በፈረንጆቹ እስከ 2030 ማጥፋት። የተባበሩት መንግሥታትም ረሃብን ዜሮ ለማድረግ የቀጠሩት ለዚያው ዓመት ነው። አንድ ተሳታፊ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፤ «በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እኮ ገና ስንት ወርክሾፕ ይቀረናል!» እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ ያብዛልን።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የክንድ መለኪያዋ ነገር ነው። አሰልጣኙ የሕፃናትን የክንድ ዙሪያ የምትለካዋን ባለ ሦስት ቀለም ቴፕ አደለ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ከመጣ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያሻዋል። አዳራሹ ውስጥ ለልምምድ የሚሆን ልጅ ስላልነበረ እርስ በርስ ተለካኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ። ቴፗ ቢስቧት ቢስቧት ጫፏ ቀዳዳዋ ጋ አልደርስ አለች። አረንጓዴው ሁሉ አልቋል! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ፎቶም ተነሱ። ሪፖርቱ ላይ «የተግባር ልምምድ» ተብሎ ይገባል።

ምሳ ሰዓት ላይ ጦርነቱ ይፋፋማል። እኛ አገር ለአንድ ተረጂ በወር የሚታሰበው ሙሉ ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ እና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ቡፌው ላይ የተጋደመው የቆረሶ ዓሣ ለብቻው ከዚያ በላይ ዘይት ጠጥቷል። ዓሣው ግን ክብር ይገባዋል። አዳራሹ ውስጥ ከመስክ የመጣ ብቸኛ ተሳታፊ እሱ ነው። ለሁለተኛ ዙር ሳህን ይዞ የሚነሳውንም ሰው አትታዘቡት። እህሉን የሚጨርሰው ረሃብ ራሱ የሚበላው እንዲያጣ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ስንዴ አስጭነው ገጠር ለገጠር የሚዞሩ፣ ከእናቶች ጋር ፀሐይ ላይ የሚውሉ የዚሁ ሙያ ልጆች አሉ። እነሱ ወርክሾፕ አይጠሩም። ስራ ላይ ናቸው።)

ከሰዓት የቡድን ውይይት ነው። ፍሊፕ ቻርቱ ላይ አምና የተጻፈው ይጻፋል፤ «የቅንጅት ጉድለት»፣ «የግንዛቤ እጥረት»። መፍትሔው ሌላ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ማዘጋጀት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከጣና በኩል ነፋሻ አየር ይገባል፣ ግማሹ ያንቀላፋል።

11 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ባነነ። የፋይናንሷ ልጅ ማይክ ይዛ፣ ምሳውን ድርጅቱ ስላበላ ከውሎ አበሉ ላይ እንደሚቀነስ ተናገረች። ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ ያልተነሳበት አዳራሽ በአንዴ እጅ በእጅ ሆነ። መመሪያ ተጠቀሰ። የሌሎች ድርጅቶች ተሞክሮ ቀረበ። ሲያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ ሂሳቡን በቃሉ እስከ ሳንቲሙ አወጣው። ጋሼም ያችን ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው ብድግ አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ታዲያ ማታ ምን በልተን ልንተኛ ነው?»