ምንጭ የማይሸከሙ ብፁዓን

ሰሞኑን እኩለ ሌሊት ላይ መልእክት ደረሰኝ። «ስልካችሁን አጥፉ፣ ከህዋ አደገኛ ጨረር እየመጣ ነው! ለሁሉም አስተላልፉ!» ላኪውን ታውቁታላችሁ። ሁላችንም አንድ አንድ አለን። ማን ነገረህ ሲሉት «አንድ ባለሙያ» ይላል።

እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አደንቃለሁ። እኛ ወሬውን ከነተናጋሪው ተሸክመን እንጎብጣለን። እሱ ወሬውን ብቻ ይዞ ቀለል ብሎ ይሄዳል።

ባለሙያውን ፍለጋ ገባሁ። የላኪው ወዳጄ የእህት ባል ሆኖ ተገኘ። የእህቱ ባል «ከሐኪም ነው የሰማሁት» አለ። ሐኪም የተባለው የክሊኒኩ ጥበቃ ነው። ጥበቃው ከሬዲዮ ሰምቷል። ሬዲዮው ያለው ደግሞ «ይህ ወሬ ሐሰት ነው» ነው። ቆይ፣ አላለቀም። ወሬው ዞሮ ዞሮ ጥበቃው ስልክ ላይ ሲመለስ «አላልኩም?» አለ። አሁን ማረጋገጫ አገኘ። የእህት ባልም ጥበቃው ማረጋገጡን ሰምቶ አረጋገጠ። ወዳጄም ለእኔ በድጋሚ ላከልኝ፤ በዚህኛው ላይ «ከሦስት ምንጮች» የሚል ተጨምሯል። ስልክህን አጠፋህ ወይ አልኩት። «ካጠፋሁት በምን ልላክ?»

ሳይንሱም ያግዘዋል። ስንደነግጥ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አስፈሪውን ነገር አጥብቆ እንድንይዝ ያደርጋል። ነገሩን ከቦታው፣ ከጊዜውና ከተናጋሪው ጋር የሚያስተሳስረው ሂፖካምፐስ ግን በጭንቀት ሆርሞን፣ በኮርቲሶል፣ ሊደናገር ይችላል። «ጨረር» ይቀራል፣ «ሐሰት ነው» ይበናል። ሆቭላንድና ዋይስ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከማይታመን ምንጭ ያነበቡትን መጀመሪያ ቢጠራጠሩትም ከ4 ሳምንት በኋላ ወደ መቀበሉ አዘንብለው ተገኙ። ስለዚህ ልኮ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት የተደፈረች ሴት ዶናልድ ቶምሰን የተባሉትን የሥነ ልቦና ባለሙያ «እሱ ነው» አለች። ጥቃቱ ሲፈጸም እሳቸው ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ስርጭት ስለ ምስክሮች ትውስታ እያወሩ ነበር። እሷም ቤቷ ሆና እያየቻቸው ነበር። አልዋሸችም። ሽብሩ ነው ፊታቸውን ከወንጀለኛው ጋር ያጣበቀባት። በእሷ ማንም አይፈርድም። ሶፋው ላይ ተንጋሎ «እከሌ ሌባ ነው አሉ» ብሎ የሚልከውስ ምን ደረሰበት? ሰው በ«አሉ» እንጀራውን ያጣል፣ ትዳሩ ይፈርሳል። ማን ነገረህ ሲባል «ረሳሁት»! ከረሳኸው ለምን ላክኸው?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። ወዳጄ ይህንን ካነበበ ከ4 ሳምንት በኋላ ምን ብሎ እንደሚልክልኝ ከወዲሁ ይታየኛል፦ «አንድ የአውስትራሊያ ፕሮፌሰር ኮርቲሶል ከህዋ እየመጣ ነው ብለዋል። በቴሌቪዥን፣ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ።»