ያመመው አንገት ስንት ያወጣል?

የክርክሩ ሐሳብ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው «በተለምዶ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው» ብሎ መንገር ይጠቅማል።

ደጋፊው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የረጅም ጊዜ የታክሲና የኡበር ሹፌር ናቸው። ተቃዋሚዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የአደጋ ኬዞችን ታዘጋጃለች።

ደጋፊ

ሰው ሲገጭ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አገኛለሁ?» ብሎ ነው። ነውር የለውም። ሥራ ቆሟል፣ መኪናው ጋራዥ ገብቷል፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ጠበቃ ጋ ሲደውል ግን «እያንዳንዱ ኬዝ ይለያያል» ይሉታል። አመሰግናለሁ፣ ይህንንማ እኔም አውቃለሁ!

እኛ ሹፌሮች እርስ በርስ በግልጽ እንነጋገራለን። ከኋላ ተገጭተህ አንገትና ወገብህን ካመመህ፣ አጥንት ካልተሰበረ፣ የሕክምና ቢልህን በሦስት አባዛው። የቀረብህን ገቢ ጨምርበት። ከዚያ በታች ከሰጡህ አትፈርም። ይህን የማያውቅ ሰው አጀስተሩ፣ ማለትም ካሳውን የሚተምነው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ፣ በሳምንቱ ሲደውልለት ጥቂት መቶ ዶላር ተቀብሎ ይፈርማል። ከወር በኋላ ኤምአርአይ ተነስቶ የአከርካሪው ዲስክ ተበላሽቶ ቢገኝ ማንም አይሰማውም። ፈርሟላ!

ተቃዋሚ

«በሦስት አባዛው።» ጋሼ፣ የትኛው ሕግ ላይ ነው ያገኙት? በሦስቱም ቦታዎች እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። ትልልቆቹ ኢንሹራንሶች ኬዝዎን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡታል። ኦልስቴት ኮሎሰስ የሚባል ፕሮግራም ሲጠቀም እንደነበር የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው ሐኪሙ ምን ብሎ እንደጻፈና ሕክምናው መቼ ተጀምሮ መቼ እንደተቋረጠ ነው። የሹፌሮችን ሒሳብ አያውቅም።

ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የገጨዎት ሰው ሕጉ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ ሽፋን ብቻ ከያዘ ለአንድ ሰው ጉዳት ዲሲ ውስጥ 25,000፣ ሜሪላንድ 30,000 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ነው 50,000 ያደረገችው። ዳሌው ተሰብሮ 80,000 ዶላር ቢል የመጣበት ሰው 240,000 ይጠብቅ?

ዋናው ነገር ገና ነው። በእነዚህ ቦታዎች ለአደጋው 1 በመቶ እንኳ ጥፋት ካለብዎት ምንም ላያገኙ ይችላሉ። በ2013 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን ሕግ እንዲቀይር ተጠይቆ እምቢ ብሏል። ዲሲ በ2016 ያላላችው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ነው። ዜሮን በሦስት ቢያባዙት ያው ዜሮ ነው።

ደጋፊ

እኔ «አጥንት ካልተሰበረ» አልኩ። እህታችን ዳሌ ሰብራ መጣች። አንገት ስለው ዳሌ የሚመልስልኝን ሰው እንዴት እንደምከራከረው አላውቅም።

«ከየት ይመጣል» ላለችው፣ ከራስህ ኢንሹራንስ ነው። የገጨህ ሰው ሽፋን ሲያንስ የሚሞላው አንደር-ኢንሹርድ የሚባለው ሽፋን ለዚህ ነው የሚገዛው። የገጨህ ተሳፋሪ የጫነ ኡበር ከሆነ ደግሞ ከጀርባው የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ፒፕ (PIP) የሚባለውን የራስህን የጉዳት ሽፋን በፊርማህ ካልተውከው፣ ማን አጠፋ ሳይባል ከራስህ ኢንሹራንስ ቢያንስ እስከ 2,500 ዶላር ለሕክምናና ለቀረብህ ገቢ ታገኛለህ። ለዚህ ሁሉ ጠበቃ አያስፈልግም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። 18,000 ዶላር ተከፈለ እንበል። ጠበቃው ሲሶውን፣ 6,000 ይወስዳል። ክስ ከተመሠረተ ብዙዎቹ 40 በመቶ ያደርጉታል። አንገትና ወገብ የሚያሸው ካይሮፕራክተር 7,000 ይላል። ማስረጃ ማስመጫ፣ ፖስታ፣ ፎቶ ኮፒ አለ። አንገቱን ያመመው ሰው 5,000 እንኳ አይደርሰውም። ቁጥር መንገር የማይወደደው ለዚህ ይሆን እንዴ?

ተቃዋሚ

1 በመቶዋን ዘለሏት። ይሁን።

ስለ ሲሶው ሲያወሩ፣ ጠበቃው የሐኪሞቹን ቢል ተደራድሮ እንደሚያስቀንስ አልነገሩንም። ካልተገኘም የጠበቃ ዋጋ የለም። የእኛ ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎት። አጀስተሩ በማግስቱ ይደውላል። ስልኩ እየተቀዳ ነው። «ሃው አር ዩ?» ይለዋል። የእኛ ሰው አንገቱን ማዞር አቅቶት እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ «አይ አም ፋይን» ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ጨዋ ስለሆነ «ይቅርታ፣ አላየሁትም ነበር» ይጨምርበታል። ያቺ ቃል ኬዙን ልትገድለው ትችላለች።

ወደ ሦስት እጥፍዎ ልመለስ፤ አልለቀውም። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ቢሉ ይብዛ» ብሎ ያስባል። ሳያመው በሳምንት ሦስት ቀን ይታሻል። ኢንሹራንሱ ግማሹን ሕክምና «አላስፈላጊ ነበር» ብሎ ይቆርጠዋል። ዕዳው ግን የታሸው ሰው ላይ ይቀራል። ምክርዎ የሚያደርሰው እዚህ ነው።

ደጋፊ

ሳያመው የሚታሸውን ማን ላከው? እኔ ነኝ? ሰው ጠበቃ ቢሮ ሲፈርም አብሮ የካይሮፕራክተር አድራሻ ይሰጠዋል። የእኔ ጓደኛ ሐኪም አማርጦ አያውቅም፤ ቀጠሮው ራሱ ተይዞለት ነው የሄደው። ልጄ፣ ይህን መጀመሪያ መልሺልኝ።

ፍርድ ቤትም ቢሆን ጭራቅ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት የሚባለው ፍርድ ቤት እስከ 50,000 ዶላር ያለውን የአካል ጉዳት ክስ ይሰማል። ዳኛ ብቻ ነው፣ ጁሪ የለም። ከኋላ ለተገጨ ሰው ምን ሚስጥር አለው?

ተቃዋሚ

ልጅዎ አይደለሁም ጋሼ። እንደ ተከራካሪ ያናግሩኝ።

ዳኛው ፊት ብቻዎን ሲቆሙ ከማዶ የኢንሹራንሱ ጠበቃ አለ። የሚጠይቅዎት «ድንገት ለምን ፍሬን ያዙ?» ብሎ ነው። «ስልኬ ጠርቶ» ካሉ 1 በመቶዋ መጣች። ደግሞ ከአጀስተር ጋር «ሦስት እጥፍ ካልሆነ» እያሉ ሲሟገቱ ጊዜው ያልፋል። ክስ ለመመሥረት ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ነው የሚሰጡት። ከዚያ በኋላ አጀስተሩ ስልክም አያነሳልዎት።

ደጋፊ

ካይሮፕራክተሩን አልመለሰችም። አንባቢ ይፍረድ።

እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጠበቃው ሰውየው ሪሊዙን፣ ማለትም ካሳውን ተቀብሎ ሌላ ላለመጠየቅ የሚስማማበትን ወረቀት፣ ሳይፈርም በፊት «እጅህ ላይ የሚደርሰው ይህን ያህል ነው» ብሎ በወረቀት ይስጠው።

ተቃዋሚ

ይህ እኮ ያለ ነገር ነው! ገንዘቡ ሲከፋፈል ለማን ስንት እንደሄደ የሚያሳይ ወረቀት ለደንበኛው መስጠት የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ግዴታ ነው።

ደጋፊ

ሲከፋፈል አልሽ። እኔ ሳይፈርም በፊት ነው ያልኩት።